በስምንት ሲሊንደር ሽምግልና

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። እኔ ያን ጉድ የሰማሁት ዙሪክ፣ አልትሽቴተን ሰፈር፣ በምሠራበት የጥቅል ዕቃ ማከፋፈያ መጋዘን ውስጥ፣ በዕረፍት ሰዓት ዳቦዬን እየገመጥኩ ስልኬን ስከፍት ነው። የምወዳት አሜሪካዊት መኪና፣ ያቺ ኮፈኗ ረጅም፣ ዳሌዋ ሰፊ፣ ስትነሣ መስኮት የምታርገፈግፈው፣ በአዲሱ ሞዴሏ ስምንት ሲሊንደር ሞተሯን ትሰናበታለች፤ ከእንግዲህ የምትሄደው በባትሪ ነው ይላል ዜናው። ይህ እንደሚመጣ ጠርጥሬ ስለነበር ዳቦዬን ማኘክ አላቆምኩም። ያቆምኩት ቀጥሎ ያለውን ሳነብ ነው። ባትሪ ድምፅ የለውምና፣ ወዳጆቿ እንዳይከፋቸው ተብሎ፣ ከኋላዋ ድምፅ ማጉያ ይገጠምላታል። ድምፅ ማጉያውም የሞተር ድምፅ ያሰማል።

የሌለ ሞተር ድምፅ ማለት ነው። ላሟን አርደው ከበሉ በኋላ እምቧ ስትል የተቀዳውን በቴፕ እያሰሙ ወተት ሊሸጡልን ነው። አጠገቤ ለተቀመጠው ፖርቱጋላዊ ባልደረባዬ ስልኩን አሳየሁትና በተሰባበረ ጀርመንኛዬ አስረዳሁት። "ታዲያ ምን አለበት? ድምፅ ከፈለግህ ድምፅ አለልህ" አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከእሱ ጋር ስለ መኪና አላወራም።

ሰው ለመኪና ይህን ያህል ይናደዳል ወይ የሚለኝ ካለ ዙሪክ ኖሮ አያውቅም። እሑድ ቀን ባዶ ጠርሙስ የጠርሙስ መጣያ ውስጥ ብትወረውር፣ በምሳ ሰዓት ሚስማር ብትመታ ሰው በርህን ያንኳኳል። ሩሄ ይሉታል፣ ጸጥታ ለማለት፤ ቃሉን ሲናገሩት ራሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። እኔ እዚህ አገር ከገባሁ ጀምሮ ትራም ውስጥ ስልክ ሲደወልልኝ አፌን በእጄ ጋርጄ አንሾካሽካለሁ። ደረጃ የምወጣው በእግሬ ጣት ነው። ጉባኤያችን የሚሰበሰበው በኪራይ አዳራሽ ስለሆነ ዝማሬው ሞቅ ሲል አንድ ወንድም ተነሥቶ መስኮቱን ይዘጋል። ለእግዚአብሔር እንኳ ድምፃችንን ቀንሰን ነው የምንዘምረው።

መኪናዬን፣ የዚያችኑ የድሮ ሞዴል፣ አሮጌ ሆና የገዛኋት ለዚህ ነው። ሚስት የለኝም፣ ሲጋራ አላጨስም፣ ኳስ አላይም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሕንፃው ምድር ቤት አውጥቻት ከከተማው ወጣ እልና መንገዱ ገለጥ ሲልልኝ ቤንዚን እሰጣታለሁ። ያን ጊዜ ከማርሚታዋ የሚወጣው ድምፅ ሳምንቱን ሙሉ የዋጥኩት ነገር ሁሉ ነው። ሕዝቡ መጥፎ ነው አላልኩም። እኔ ግን በዚህ አገር የምጮኸው በመኪናዬ አፍ ነው። ይህን ነው እንግዲህ አንድ ቢሮ የተቀመጡ ሰዎች በድምፅ ማጉያ ሊተኩት የተነሡት።

በስልክ የምንጻጻፍ የመኪና ወዳጆች ቡድን አለን፤ ከዙሪክ፣ ከበርን፣ ከጄኔቫ የተሰባሰብን ሀበሾች ነን። ዜናው እንደወጣ ቡድኑ በእሳት ተያያዘ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ የአዲሲቱ ፎቶ መጣ። የፊት መብራቷ ምላጭ አክሏል። ልብ የሚያሞቁት ክብ ክብ የፍጥነትና የቤንዚን መለኪያ ጌጆች ተነቅለው ከመሪው አንሥቶ እስከ ጋቢናው የተዘረጋ ስክሪን ተተክቷል። አንዱ "ቆንጆ ናት፣ ወደፊት እንይ እንጂ" ብሎ ጻፈ። ሌላው "ሐራም ነው" ብሎ መለሰለት። እኔ መጻፍ ስለማይሆንልኝ ድምፄን ቀድቼ ነበር የምልከው፤ በጣም ረጅም ስለሚሆን ማንም እስከ መጨረሻው እንደማይሰማኝ አውቃለሁ። ቢሆንም እልከዋለሁ።

የባሰውን ጠላት ግን ቤቴ ውስጥ ነው ያሳደግኩት። የእህቴ ልጅ ነው። አባቱን አያውቀውም፤ እናቱ አዲስ አበባ ናት። ጢም ሳያበቅል ብቻውን ስንቱን አገር አቋርጦ ዙሪክ ሲደርስ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ጀርመንኛውን ተማረ፣ ሌሬ የሚሉትን የሙያ ሥልጠና ጨረሰ፣ ኤሌክትሪሺያን ሆነ። አሁን ሠላሳን ያለፈ ሙሉ ሰው ነው። ሥራው ታዲያ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? በየሕንፃው ምድር ቤት እየዞረ ለባትሪ መኪና ቻርጀር መግጠም። የድምፅ ማጉያውን ወሬ ስነግረው ሆዱን ይዞ ሳቀ። "አይዞህ ጋሼ፣ ድምፅ ማጉያው ሲበላሽ እኔ እጠግንልሃለሁ" አለኝ። በሌላ ሰው አፍ ቢሆን ኖሮ አልምርም ነበር።

ይኸው ልጅ አንድ እሑድ ከጉባኤ ስንወጣ ላንግሽትራሰ ጎዳና ላይ ወዳለው የሀበሻ ምግብ ቤት ወሰደኝና፣ ምግቡ ከመምጣቱ በፊት "ጋሼ፣ ሽማግሌ ላክልኝ" አለ። ልጅቷ የጄኔቫ ልጅ ናት፣ እዚያው ተወልዳ ያደገች፣ ነርስ። የጉባኤዎች የወጣቶች ስብሰባ ላይ ነው የተዋወቁት። አባቷ ፓኪ የሚባል ሰፈር ነው የሚኖሩት፣ ከኮርናቫን ባቡር ጣቢያ ጀርባ። ትሮሊ አውቶቡስ ይነዳሉ፤ ያን ከላይ በተዘረጋ ሽቦ የሚሄደውን። ለልጃቸው ከዚህ በፊት የመጡ ሽማግሌዎችን ሳያስቀምጡ መልሰዋል እየተባለም ይወራል። ልጄ ይህን ሲነግረኝ ሹካውን ያገላብጥ ነበር። "እሷ ከአባቷ ፈቃድ አትወጣም። እሳቸው እምቢ ካሉ አለቀ" አለኝ። አይቼው በማላውቀው ሁኔታ ፈርቶ ነበር። እኔም ደስታዬን ለመሸፈን ብዬ ምግብ የዘገየበትን አስተናጋጅ ተቆጣሁ።

ሽማግሌ መረጥኩ። አንደኛው የጉባኤያችን ሽማግሌ ናቸው፣ ረጅም፣ ንግግራቸው የረጋ። ሁለተኛው የዚያው የላንግሽትራሰ ምግብ ቤት ባለቤት ነው፤ ሰውነቱም ድምፁም ሙሉ። ሦስተኛው ጉልበታቸውን የሚያማቸው ጡረተኛ ናቸው። በወጋችን የልጁ አባት ከሽማግሌ ጋር አይሄድም፤ ቤቱ ቁጭ ብሎ ወሬ ይጠብቃል። እኔ ግን አባቱ አይደለሁም፣ እንደ አባቱ ነኝ። ስለዚህ ሾፌር ሆኜ አደርሳችኋለሁ፣ ከታች እጠብቃችኋለሁ አልኳቸው። ረጅሙ ሽማግሌ "ለምን በባቡር አንሄድም?" አሉ። ልጁም "ጋሼ፣ ባቡር ይሻላል" አለኝ። ሽማግሌ ሳንድዊች በወረቀት ጠቅልሎ፣ ቲኬት እያሳየ፣ ከቱሪስት ሻንጣ ጋር እየተጋፋ ነው እንዴ ሚስት የሚጠይቀው? ደግሞ ያቺን መኪና ለምን ገዛኋት? ደስታ በመጣ ቀን ካልወጣች መቼ ልትወጣ ነው?

ቅዳሜ ጠዋት ተነሣን። መኪናዋ በር ያላት ሁለት ብቻ ነው፤ ከኋላ የሚቀመጥ ሰው የፊቱ ወንበር ታጥፎለት ተጎንብሶ ነው የሚገባው። ረጅሙን ጋቢና አስቀመጥኩና ሌሎቹን ሁለቱን ከኋላ አስገባኋቸው። የበርን ከተማን እንዳለፍን ጡረተኛው "ጉልበቴ ጆሮዬን ነካው" አሉ። ወፍራሙ መንገዱን ሙሉ በስልኩ ወሬ ያነባል፤ ባነበበ ቁጥር "ስለ አንተ መኪና ነው" ይለኛል። ያቺ አዲሲቱ ገበያ ላይ ወጥታ ሰው ጀርባውን እንደሰጣት የሚያወራ ዜና ነበር። ደስ ብሎኝ ላመስግን ስል ረጅሙ ሽማግሌ "ፍጥነትህን፣ ፍጥነትህን" አሉኝ።

ፓኪ መንገዱ ጠባብ ነው፤ ግራና ቀኙ ርካሽ ሆቴል፣ የዓረብ ሱቅና ካፌ ነው። እንዲህ ባለ መንገድ የስምንት ሲሊንደር ድምፅ ግድግዳውን እየመታ ይመለሳል፣ ሲመለስም ይጨምራል። ረጅሙ ሽማግሌ "ራቅ አድርገህ አቁም፤ ሽማግሌ በእግሩ ነው የሚደርሰው" አሉኝ። የጡረተኛውን ጉልበት ሰበብ አድርጌ በሩ ላይ አቆምኩ። ከማጥፋቴም በፊት አንድ ጊዜ ቤንዚን ሰጠኋት። የልጁ ወገን ዝም ብሎ የመጣ ሰው እንዳልሆነ ይወቁት ብዬ ነው። አሁንም ጥፋት አይመስለኝም።

ጥፋት የሆነው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ወፍራሙ ከኋላ ወንበር ሊወጣ ሲል ወገቡ በወንበሩና በበሩ መካከል ተያዘ። እኔ ስስበው፣ ጡረተኛው ከኋላ ሲገፉ፣ ከካፌው አንድ አስተናጋጅ ሮጦ መጣ፤ ከሱቁም አንድ ዓረብ መጣና አንዱን ክንድ ያዘ። ሰውየው ብቅ ሲል በረንዳ ላይ የተቀመጡት ሁሉ አጨበጨቡ። ቀና ብዬ ሳይ ከሦስተኛው ፎቅ መስኮት አንድ ሽበታም ሰው ቁልቁል ያዩናል። መጋረጃውን መለሱት።

ሽማግሌዎቹ ወደ ላይ ወጡ። መኪናዋ ውስጥ ገብቼ ቁጭ ከማለቴ ተመለሱ። ወፍራሙ ሰው ፊቱ ቲማቲም መስሎ ነበር።

"ምን አሉ?"

"ምን ይላሉ! ቁጭ በሉ እንኳ አላሉንም።"

"እኮ ምን አሉ?"

"'ሽማግሌ ለምኖ ነው የሚመጣው እንጂ ፎክሮ አይደለም። ድምፃችሁን ከመንገድ ሰምቼዋለሁ፣ ይበቃኛል፣ በሰላም ግቡ' አሉን። ይኸው ነው።"

ደሜ ፈላ። ፎከርኩ እንዴ እኔ? ሞተር መሬቱን ቢያንቀጠቅጥ ፉከራ ነው? የጄኔቫን ሐይቅ ዳር ዳር ይዘን ስንመለስ እስከ ሎዛን ድረስ አፌን አልዘጋሁም። እኚህ ሰው ራሳቸውን ማን አድርገው ነው? ሰው ለልጁ ሲል ካለበት ከተማ ተነሥቶ፣ ሦስት ሽማግሌ ጭኖ፣ ካለው ነገር የሚሻለውን ይዞ ቢሄድ ይህ ክብር ነው ወይስ ንቀት?  በመጨረሻ ረጅሙ ሽማግሌ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሡ "በባቡር እንሂድ ብዬ ነበር" አሉ። የባሰ የተናደድኩትም በዚህ ነው፤ እውነታቸውን ነበርና።

ልጁ ቤት ነበር። አልጮኸም። እኔ የማውቀው ንዴት የሚጮህ ንዴት ነው፤ የእሱ ግን ጭራሽ ድምፅ የለውም። "እሺ ጋሼ" ብሎ ወደ ክፍሉ ገባ። በቀጣዮቹ ቀናት ከሥራ ይመጣል፣ የበላበትን ሳህን ያጥባል፣ ይገባል። ስለ መኪናዬ መቀለዱን ተወ። ያ ሁሉ ቀልድ የሚያናድደኝ ይመስለኝ ነበር።

በመካከሉ ዜናው ጎረፈ። ፋብሪካው የቤንዚን ሞተር ሊመልስ ነው ተባለ፤ ነገር ግን ስድስት ሲሊንደር። ቡድናችን ደስታና ለቅሶ ቀላቀለ። ቀጥሎ ደግሞ አይደለም፣ ስምንቱም ሊመለስ ይችላል የሚል ጭምጭምታ ወጣ። አንዱ ከማሽኑ ሥር ተኝቶ ያየ ይመስል ዝርዝሩን ይተነትናል፣ ሌላው ላም አለኝ በሰማይ ነው ይለዋል። ድሮ ቢሆን ሌላ ነገር አላስብም ነበር። አሁን ግን የቀዳሁትን ድምፅ ሳልልከው አጠፋው ጀመር። መኪናዋ ስምንት ሆነች ስድስት፣ ልጁ ከጓዳው አልወጣም።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ ንዴቴን ሁሉ በፋብሪካው ላይ እያወረድኩ ሳለሁ አንድ ቀን ረጅሙ ሽማግሌ ደወሉ። ከጄኔቫ ጉባኤ ሰዎች ጋር ተነጋግረው፣ የልጅቷን አባት አስለምነው፣ መልስ ይዘዋል። "ያሳደገው ሰው ራሱ ይምጣ ብለዋል" አሉኝ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። "በባቡር ይምጣም ብለዋል።"

የምሳፈርበትንም እሳቸው ይዘዙኝ እንዴ? ስልኩን ዘግቼ ቤት ውስጥ ተንጎራደድኩ። የታችኛው ጎረቤት በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሱን መታ። ከዚያ ልጁ ከክፍሉ ብቅ ብሎ "ምንድነው?" አለ። "ምንም አይደለም። ሱፌ የት ነው?" አልኩት። ፊቱን ሳይ ልሄድ ቆረጥኩ።

እነሆ በባቡር ሄድን፤ ሳንድዊችም በወረቀት ጠቅልለን። ወፍራሙ ሁለት ወንበር ይዞ እግሩን ዘርግቶ "ይህ ነው መኪና ማለት" አለኝ።  ኮርናቫን ወርደን በእግራችን ፓኪ ገባን። የካፌው አስተናጋጅ ወፍራሙን ሰው አውቆት በእጁ ሰላምታ ሰጠው።

ቤቱ ጠባብ፣ ንጹሕ ነበር። ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ "ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም" ብለው ተደርድረው ቆሙ፤ እኔም ከዳር ቆምኩ። አባትየው ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ በዓይናቸው መረመሩኝ። ከወጥ ቤት የልጅቷ ድምፅ ተሰማ፦ "ማማ፣ ሰዎቹ ቆሙ፤ ፑርኳ?" ለምን ማለቷ ነው፣ በፈረንሳይኛ፤ እናቷ ዝም አሰኘቻት።

"ያቺ መኪና የት አለች?" አሉ አባትየው። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ይህ ነው።

"ዙሪክ ናት።"

"ስሰማት መንገድ የሚቆፍሩ መስሎኝ ነበር።"

ረጅሙ ሽማግሌ ክርኔን ነካ አደረጉኝ። አልቻልኩም። "መኪና ናት፣ ድምፅ አላት። ድምፅ የሌለው መኪና ቁም ሣጥን ነው" አልኩ።

"እኔ የምነዳው አውቶቡስ ቁም ሣጥን ነው ማለት ነው?" ሰውየው አልተቆጡም፣ ግን ወደ ፊት ጠጋ አሉ። "ወንድሜ፣ እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ሰው ሳጓጉዝ ኖሬያለሁ። አውቶቡሴ ሲነሣ በእናቱ እቅፍ የተኛ ሕፃን አይነቃም። ልጆቼንም ያሳደግኩት እንደዚሁ ነው። በዚህ አገር ድምፃችንን ሳናሰማ ነው እዚህ የደረስነው። እርስዎ መጥተው በሬ ላይ አገሱብኝ። ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ አየኝ።"

"ድምፅ አለማሰማት ነው እንግዲህ ኩራታችን?"

"አዎ፣ ነው።"

"እኔን ደግሞ የሚያቃጥለኝ እሱ ነው።" ወፍራሙ ሰው ጣራ ጣራውን ያያል። አንዴ ከጀመርኩ አላቆምም፤ ስለ አዲሲቱ መኪና፣ ሞተሯን አውጥተው ከኋላዋ ድምፅ ማጉያ ስለመግጠማቸው፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ሽማግሌዎቹ ጉዳዩ አለቀለት ብለው አንገታቸውን ደፍተዋል።

አባትየው ግንባራቸውን ቋጠሩ። "ቆይ፣ መኪናዋ በባትሪ ነው የምትሄደው?"

"አዎ።"

"ድምፁ የሞተር ነው?"

"ሞተር የለም እኮ! ድምፅ ማጉያ ነው።"

"ለምን?" አሉ። በእርግጥ ሊገባቸው አልቻለም። "ዝም የምትል ከሆነች ዝም ትበል። ይህማ ውሸት ነው።"

"ውሸት ነው!" አልኩ። ዜናውን ካነበብኩበት ቀን ጀምሮ ለሰው ሁሉ ሳስረዳ ከርሜ "ውሸት ነው" ያለኝ የመጀመሪያው ሰው እኚህ ሆኑ።  ረጅሙ ሽማግሌ ጊዜውን ሳያሳልፉ "እንግዲህ ልጃችሁን ለልጃችን ብለን ነው የመጣነው" ብለው ያዙት።

አባትየው በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ልጁ እዚህ ጄኔቫ ሥራ መያዙን ልጄ ነግራኛለች። ጥሩ ነው። እሷ ሆስፒታሏን ትታ ወደ ዙሪክ አትሄድም፤ እሱ ነው የሚመጣው። ቤትም እየፈለጉ ነው።"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞርኩ። ረጅሙ ምንጣፉን ያያሉ። ጡረተኛው ጉልበታቸውን ያሻሉ። ወፍራሙ፣ ያ ዝም ማለት የማያውቅ ሰው፣ የኮቱን ቁልፍ ይቆልፋል፣ ይፈታል። ሁሉም ያውቁ ነበር። ልጁ ለእነሱ ነግሮ ለእኔ አልነገረም። እኔ በልቤ አልትሽቴተን፣ ከእኛ ሕንፃ ማዶ፣ ቤት አግኝቼላቸው ነበር፤ እሑድ እሑድ ምሳ አብልቻቸው፣ ልጅ ወልደው፣ ልጁን ጋቢና አስቀምጬ ነበር። ያሳደግኩትን ልጅ፣ ቋንቋውን በማልችለው ከተማ፣ ዝም ብሎ ለሚኖር ሰው ላስረክብ? በሩ ከኋላዬ ነው። አንድ ቃል ብናገር፣ ዞሬም ብወጣ፣ ሁሉም ነገር ያበቃል። ያንንም አውቄዋለሁ፤ ልጁ ሹካውን ሲያገላብጥ ታይቶኛል። ተናድጄ የቆምኩበት ያ ቦታ እስከ ዛሬ እግሬ ሥር አለ።

አባትየው አዩኝ። ነገሩ ገባቸው መሰለኝ። ወንበራቸውን ተደግፈው ተነሡና ከሽማግሌዎቹ ፊት አልፈው እኔ ፊት ቆሙ።

"ወንድሜ፣ አልነገሩዎትም ለካ" አሉኝ። "እናንተ ልጄን ልትጠይቁ መጣችሁ። ነገር ግን የምትወስዱት የለም፤ የምወስደው እኔ ነኝ። በደንቡ ቢሆን ዙሪክ ድረስ ሽማግሌ መላክ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ይኸው እኔው ቆሜ ልለምን። ልጅዎን ለልጄ ይስጡኝ።"

የእህቴ ልጅ ነው፣ ልል ነበር። ሁልጊዜ ለሰው የምለው እንደዚያ ነው። አላልኩም። እንመካከርበት፣ ሌላ ጊዜ ይምጡ፣ በባቡር ይምጡ፣ የሚል ነገርም ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

"ሰጥቻለሁ" አልኩ።

"ምን አለ?" አለ ወፍራሙ።

"ሰጥቻለሁ!"

ከወጥ ቤት እናትየው ወጣች። እልል ልትል አፏን ከፈተችና ወዲያው በመዳፏ ጋረደችው፤ እልልታው በጣቶቿ መካከል ታፍኖ ሲንቆረቆር ሰማሁት። ይህን ግን አልቻልኩም። የልጄ እልልታ እንዴት ይታፈናል? "እጅዎን ያንሡ እንጂ እናቴ" አልኳት። ባሏን አየቻቸው። እሳቸው ወደ መስኮቱ አዩ፤ ክፍት ነበር፤ ሄደው አልዘጉትም። እጇን አነሣች። ከዚያ በኋላ ነው የተቀመጥነው።

ደረጃው ላይ ወጥቼ ለልጁ ደወልኩ። ገና ሳይጠራ አነሣው።

"ጋሼ?"

"ሰጥተዋል።"

 ትንፋሹን ብቻ ነበር የምሰማው። ለደስታው ትንሽ ጊዜ ሰጠሁት። ከዚያ "ጄኔቫ ሥራ መያዝህን ነገሩኝ" አልኩት።

"ጋሼ፣ ልነግርህ ፈልጌ ነበር። አፌ እምቢ አለኝ።" ከዚያ ቀስ ብሎ "ተናደድክ?" አለኝ።

"ተናድጃለሁ" አልኩት። "ገናም እናደዳለሁ። አሁን ለእናትህ ደውል፣ ካንተ ትስማ። ስትሄድ ደግሞ የቤቱን ቁልፍ እንዳትመልስልኝ።"